በስፖርት መኪና ላይ የኋላ ክንፍ ማስገጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኋላ ክንፍ ሊያስገጥም ያሰበ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ስለ ቀለም ነው፤ ጥቁር ይሁን ወይስ የመኪናውን ቀለም ይምሰል? እኔ በመጀመሪያ የማየው የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ከውስጥ በኩል ያለውን ላሜራ ነው። ክንፍ ጭነት ነው። ጭነቱን የሚያመጣው የማይታይ ነፋስ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል እንጂ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ኮፈኑ ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ያህል ነው። ምሳሌ ባስፈለገ ቁጥር የራሴን መኪና አነሣለሁ። ቶዮታ 86 ይባላል፤ እኔ በምኖርበት በአሜሪካ መጀመሪያ የተሸጠው ሳይዮን ኤፍአር-ኤስ በሚል ስም ነበር። ሞተሩ ከፊት፣ ኃይል የሚደርሳቸው ጎማዎች ከኋላ፣ ክብደቱ 1,240 ኪሎ ገደማ የሆነ ባለ ሁለት በር መኪና ነው።

ክንፍና ስፖይለር አንድ አይደሉም እንዴ?

በገበያ ላይ በአንድ ስም ይሸጡ እንጂ አንድ አይደሉም። ስፖይለር ከመኪናው አካል ጋር ተጣብቆ የሚቆም ከንፈር ነው። ከጣሪያው ላይ ተንሸራቶ የሚወርደውን አየር አካሄዱን ያበላሽበታል፤ በዚህም መኪናው ሲፈጥን የኋላውን ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል ይቀንሳል። ክንፍ ግን በእግሮች ላይ ቆሞ አየር በላዩም በሥሩም የሚያልፍበት ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ተገጠመ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ አውሮፕላኑን ሽቅብ የሚያነሣው ኃይል እዚህ መኪናውን ቁልቁል ይጫነዋል።

ይህን ስል ስፖይለርን ማናናቄ አይደለም። የፖርሼ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 እ.ኤ.አ. የ1973 ሞዴል ጀርባ ላይ ያለችው፣ በዳክዬ ጭራ የተመሰለችው ከንፈር እስከ ዛሬ የምትቀዳው ስለሠራች ነው። አውዲ ቲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ ጀርባው ልሙጥ ነበር። በጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ላይ አደጋዎች ከደረሱ በኋላ ኩባንያው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ትንሽ ስፖይለርና የኤሌክትሮኒክስ ማረጋጊያ ገጠመላቸው። መኪናዎ የሚያስፈልገው ያቺ ትንሽ ከንፈር ብቻ ከሆነች፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ድካም አያስፈልግዎትም።

ከስንት ፍጥነት ጀምሮ ነው የሚሠራው?

ክንፍ መሥራት የሚጀምርበት ደፍ የለውም። አየር በነካው ቁጥር ይሠራል፤ ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። የአየር ኃይል ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ወርዱ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ 150፣ ከፊተኛው ጠርዝ እስከ ኋለኛው ጠርዝ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ እንውሰድ፤ መጠነኛ ብቃት እንዳለውም እንቁጠር። ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዱ የሚጫነው 3 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ደህና አውራ ዶሮ ኮፈኑ ላይ ቢሰፍር ማለት ነው። በ80 ኪሎ ሜትር 11 ተኩል ኪሎ ይሆናል። በ120 ወደ 26 ያድጋል። በ160 ኪሎ ሜትር 46 ኪሎ ይደርሳል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በ200 ኪሎ ሜትር 72 ኪሎ።

እነዚህ ቁጥሮች ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አየር ናቸው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ክንፍ በያው 160 ኪሎ ሜትር የሚሰጠው 36 ወይም 37 ኪሎ ብቻ ነው። ከፍታው ሞተሩንም ትንፋሽ እንደሚያሳጥረው ልብ ይበሉ።

በአዲስ አበባ ዲኤክስና ቪትዝ ላይ የምናያቸው ክንፎችስ?

ያማሩ ናቸው። የቀለበት መንገድ ፍጥነት ላይ ከላይ ያለችውን ዶሮና ጥቂት ወንድሞቿን ቢሸከሙ ነው። በዚያ ላይ ቪትዝ መሪውም ኃይሉም በፊት ጎማ ስለሆነ ኋላውን መጫን የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው። ለውበት ከሆነ ግን የሰው ምርጫ ነው፤ በደንብ ይታሰር እንጂ እኔ ቅር አይለኝም።

ለእኔ መኪና ያስፈልገዋል?

መኪናዎን ለዕለት ሥራ ብቻ የሚነዱ ከሆነ አያስፈልገውም። በተዘጋ የውድድር መንገድ ላይ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ከክንፉ በፊት የሚቀድሙ ወጪዎች አሉ፦ ጥሩ ጎማ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ ከዚያም ከአሠልጣኝ ጋር የሚያሳልፏቸው ጥቂት ቀናት። እነዚህን አሟልተው አሁንም በረጅም ፈጣን ኩርባ ላይ ኋላው ቀለል እያለ የሚያስፈራዎት ከሆነ፣ ያኔ ስለ ክንፍ እንነጋገር። ዝግተኛ ኩርባ ላይ ኋላው የሚያመልጥዎት ከሆነ ግን ጥፋቱ ጎማው ጋር ወይም እግርዎ ጋር ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ማንም ክንፍ አያድንዎትም።

የኋላውን ብቻ ብገጥም መኪናው ይበልጥ አይረጋጋም?

ከሁሉ በላይ በተሳሳተ መንገድ የሚታየው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከኋላ አብዝተው የጫኑት ጋሪ ምን እንደሚያደርግ ያስታውሱ፤ አህያውን ከመሬት ያነሣዋል። ክንፍም እንዲሁ ነው። የሚቆመው ከኋላ ጎማዎች መካከል ሳይሆን ከእነርሱ አልፎ በስተኋላ በመሆኑ፣ የኋላውን ሲጫን የፊቱን ያነሣል። የእኔ መኪና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2,570 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው። ክንፉ ከኋላው አክስል 800 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢቆም፣ በ160 ኪሎ ሜትር የሚሰጠው 46 ኪሎ እንዲህ ይከፋፈላል፦ የኋላ ጎማዎች ላይ 60 ኪሎ ይጨመራል፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 14 ኪሎ ይቀነሳል። ነፋሱ ከፍ ብሎ የቆመውን ክንፍ ወደ ኋላ ሲገፋው የፊቱን መቅለል ደግሞ በትንሹ ያባብሰዋል።

ውጤቱን እጅዎ ያውቀዋል። ፈጣን ኩርባ ውስጥ መሪውን ይጠመዝዛሉ፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ መሄድ ያምረዋል። ኋላው ሲንሸራተት መሪ በማረም ይመለሳል፤ ፊቱ አልታዘዝ ሲል ግን ፍጥነት ከመቀነስ ሌላ ብዙ የሚደረግ የለም። መጠነኛ የሆነ የፊት አለመታዘዝ ለጀማሪ ከኋላ ማምለጥ የተሻለ ነው፤ ፋብሪካዎችም መኪናን ወደዚያ አድልተው ነው የሚያወጡት። በዚያ ላይ ትልቅ ክንፍ ሲጨመርበት ግን ልኩን ያልፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የክንፉን ዘንበል መቀነስ፣ ወይ ከፊት ፓራውልቱ ሥር ወደ ፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ከንፈር፣ ስፕሊተር የሚባለውን፣ መጨመር። ለትልቅ ክንፍና ለስፕሊተር የሚሆን ገንዘብ ከሌለዎት ትንሽ ክንፍ ይግዙ።

ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ይልቅ በልክ ማሠራት ምን ጥቅም አለው?

«በልክ» የሚባለው ቃል ሁለት ነገር ያዘለ ነው፤ የክንፉ ቅርጽና የእግሮቹ ልክ። ምክሬ አጭር ነው፦ ክንፉን ከሚያውቅ ፋብሪካ ይግዙ፣ እግሮቹን በልክ ያሠሩ።

ክንፉን ሰፈር ውስጥ ማሠራት የማልደግፈው ሠራተኞቹን በመናቅ አይደለም። ክንፍ የሚሠራው በፊተኛው ጠርዙ ክብነትና በሥረኛው ገጹ መታጠፍ ነው። እዚያ ላይ የሚፈጠር ትንሽ ግድፈት አየሩን ያስኮርፈዋል፣ ዓይን ደግሞ አያየውም። እግር ግን የሚታይ፣ የሚለካ፣ በጥሩ አልሙኒየምና በጥሩ እጅ የሚሠራ ነገር ነው። የእያንዳንዱ መኪና የኋላ ኮፈን እንደ ሰው ትከሻ የራሱ መውደቅና መነሣት አለው። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የተሠራ እግር በኮፈኑ ጉብታ ላይ በሁለት ነጥብ ብቻ ይቆምና ሲታሰር ላሜራውን ያጎደጉደዋል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲሄዱ እንደሚያደርጉት ለእግር ሠሪውም በካርቶን የተቆረጠ ቅርጽ ይዘው ይሂዱ፤ ኮፈኑ ላይ አስተኝተው በመቀስ እያረሙ የቆረጡት ካርቶን ከፎቶግራፍ ይበልጣል።

ስለ ክንፉ ቅርጽ አንድ ነገር ማወቅ ግን ይበጃል። ከጣሪያው ላይ የሚመጣው አየር የኋላውን መስታወት ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመኪናው ግራና ቀኝ የሚያልፈው ግን ቀጥ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ክንፍ መሐሉና ጫፎቹ የተለያየ ማዕዘን ይገጥማቸዋል። መሐላቸው ለየት ብሎ የተጠማዘዘ ክንፎች የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ጥሩ የሚሆኑት ግን ለእርስዎ መኪና ጣሪያ የታሰቡ ከሆኑ ብቻ ነው፤ ለሌላ መኪና የተጠማዘዘ ክንፍ ከቀጥታው ሊብስ ይችላል።

ከላይ የሚይዙት፣ የዝይ አንገት የሚመስሉት እግሮች ለማማር ነው?

አይደለም። ክንፉ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በሥረኛው ገጹ ነው። እግር ከሥር ሲገባ ያንን ገጽ ያቋርጠዋል፤ ከላይ ታጥፎ ሲይዝ ግን ሥሩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው 911 ጂቲ3 ላይ ይህንኑ ስለተጠቀመ ዛሬ ሁሉም ይፈልገዋል። ለመንገድ መኪና ልዩነቱ ትንሽ ነው። እግሩ ረጅምና ጠማማ ስለሚሆን ደግሞ ወፈር ያለ ብረት ይጠይቃል።

በምን ያህል ከፍታና የት ላይ ይቁም?

ንጹሕ አየር ወዳለበት ከፍ ይበል። ከጣሪያው በጣም ዝቅ ብሎ ኮፈኑ ላይ የተኛ ክንፍ የሚያገኘው ጣሪያው ያተራመሰውን አየር ነው፤ ወደ ጣሪያው ከፍታ ሲጠጋ ሥራው ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. የ1969 ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና ክንፉ ከኮፈኑ 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር የቆመው። ሰው ስቆበታል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1970 የውድድር ነጂው ባዲ ቤከር ታላዴጋ በሚባለው የአሜሪካ የውድድር መንገድ ላይ በሰዓት 200 ማይል፣ ማለትም 322 ኪሎ ሜትር፣ ያለፈው በዚያው መኪና ነው።

በወርዱ በኩል ከመኪናው አካል አይውጣ። እግረኛን ይጎዳል፣ በብዙ አገርም ሕግ ይከለክለዋል። ከመሰርሰርዎ በፊት ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይሞክሩ፦ በስፖኪዮው ከኋላዎ ያለውን መኪና ማየት ይችላሉ? ኮፈኑ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የክንፉ ፊት የኋላውን መስታወት አይነካም? ሁለተኛውን ረስቶ መስታወት የሰበረ ሰው አውቃለሁ፤ ኮፈኑን በደስታ ነበር ያነሣው።

ኮፈኑ ላይ ልሰረው ወይስ ሻንሲው ላይ?

የኋላ ኮፈን ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲሸከም የተሠራው ራሱን ነው። ከዚህ በላይ የሚጫንበት ኃይል ሁሉ በሁለቱ ማጠፊያዎችና በአንዲቱ መቆለፊያ በኩል ወደ መኪናው አካል መድረስ አለበት። ኮፈኑ ሲዘጋ የሚያርፍባቸው ትናንሽ የጎማ ቡሽኖችም ጭነቱን ይካፈላሉ፤ ያረጁ ከሆኑ ኮፈኑ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ለመጠነኛ ክንፍ፣ ከ160 ኪሎ ሜትር ብዙም ለማያልፍ መኪና፣ ኮፈኑ ይበቃል። ቅድመ ሁኔታው ከውስጥ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ሰሌዳ መደረብ ነው። ሰሌዳው በተቻለ መጠን ሰፊ ሆኖ ወደ ኮፈኑ የውስጥ አጥንት ይድረስ። ሮንዴላ ብቻ አድርጎ ማሰር ጭነቱን በሳንቲም መጠን ላይ መከመር ነው፤ ላሜራው መጀመሪያ ይሰረጉዳል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል።

ክንፉ ሰፊ፣ ፍጥነቱም ከፍተኛ ከሆነ እግሮቹን ከፓራውልቱ ጀርባ ካለው የብረት ምሰሶ ወይም ከሻንሲው ጋር ማሰር ይሻላል። ፓራውልቱን መብሳት ስለሚያስፈልግ ሰው ይሳሳለታል። ግን ጭነቱ በአጭሩ መንገድ ወደ ሞላዎቹና ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፣ ኮፈኑም እንደ ድሮው ቀሎ ይከፈታል።

ራሴ ልገጥመው እችላለሁ? ሥራው እንዴት ይሄዳል?

ቀዳዳ ለመብሳት እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ለመለካት ደግሞ የማይቸኩል ሰው ይችላል። አንድ ረዳት ግዴታ ነው።

መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም፣ የጎማዎቹ ነፋስ እኩል ይሁን። የኮፈኑን መሐል ይፈልጉ፤ ዓይንዎን ወይም የፋብሪካውን አርማ አይመኑ፣ ከሁለቱም ጠርዝ በሜትር ይለኩ። ሥራው የሚካሄድበትን ቦታ ሁሉ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ቀለሙን ይጠብቃል፣ እርሳስም ይጽፍበታል። ክንፉን ከነእግሩ ያስቀምጡና ከሁለቱ ጫፎቹ ቱንቢ ጥለው ከኋላ ጎማዎቹ ያለውን ርቀት ያመሳክሩ። ግራና ቀኙ በ2 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ችግር የለም፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከተለያየ ከኋላ ለሚከተልዎት ሾፌር ሁሉ ይታያል።

ከዚያ የቀዳዳዎቹን ቦታ በሹል ብረት ነጥብ ይምቱበት፤ አለበለዚያ ፑንታው ቀለሙ ላይ ይንሸራተታል። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይጀምሩ፣ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን እስከ 6.5 ያስፉ። ከመብሳትዎ በፊት ግን ኮፈኑን ከፍተው በውስጥ በኩል የሚያልፍ ሽቦ አለመኖሩን ይዩ። ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ፣ የብረቱን ብናኝ በሙሉ ያጽዱ። አሁን የሥራው ልብ ይመጣል፦ የተበሳውን ባዶ ብረት አንቲረስት ቀለም ይቀቡትና እስኪደርቅ ይጠብቁ።

እኔ አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በማግሥቱ መኪናውን ለሰው ማሳየት አማረኝ፤ «ሲሊከኑ ይበቃዋል» ብዬ አሰርሁት። እኔ ባለሁበት በቨርጂኒያ በበረዶው ወራት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። በመጋቢት እግሮቹን ሳወልቅ ከአራቱ ቀዳዳዎች ሦስቱ ዙሪያቸውን ቡናማ ቀለበት አውጥተው ነበር። ዝገቱን ለማስፋቅና ኮፈኑን እንደገና ለማስቀባት ያወጣሁት ገንዘብ ከእግሮቹ ዋጋ በልጧል፤ ቀለሙን ያስቀባሁበት ጋራዥ ደግሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ፈገግ ብሎ ነው የተቀበለኝ።

ለማሰር የማይዝግ ብሎን ይጠቀሙ፤ ዳዶው በውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው፣ በንዝረት የማይፈታው ዓይነት ይሁን። በእግሩና በኮፈኑ መካከል ስስ ላስቲክ ያድርጉ፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ሲሊከን ይዙሩበት። ካርቦን ፋይበር ከአልሙኒየም ጋር በእርጥበት ውስጥ ተነካክቶ ሲቆይ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ እነዚያንም በቀለም ወይም በላስቲክ ይለያዩዋቸው። 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ8 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃል፤ ክንድዎን አምነው በረጅም ቁልፍ አይታገሉት፣ ላሜራው ይሸነፋል። ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሁሉንም እንደገና ይፈትሹ።

መጽናቱን እንዴት ላረጋግጥ?

በአሸዋ ከረጢት። በ200 ኪሎ ሜትር 72 ኪሎ የሚጠብቁ ከሆነ አንድ ኩንታል ያህል አሸዋ በትናንሽ ከረጢቶች ከፋፍለው በክንፉ ወርድ ላይ እኩል ይደርድሩ። ክንፉ ትንሽ ሊለመጥ ይችላል፤ ከረጢቶቹ ሲነሡ ግን ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ኮፈኑ ላይ አዲስ ጉድጓድ፣ ቀለም ላይ የፀጉር መስመር የምታህል ስንጥቅ ካዩ ሥራው አላለቀም። ክንፉን ከኋላ ቆመው በእጅዎ ወደ ግራና ቀኝ ሲገፉትም የሚወዛወዘው መኪናው መሆን አለበት፤ እግሩ ብቻውን ከተወዛወዘ የጎን ማጠንከሪያ ይፈልጋል።

በርካሽ የሚሸጡ፣ ካርቦን የሚመስል ወረቀት የተለጠፈባቸው የፕላስቲክ ክንፎች አብዛኞቹ ይህን ፈተና አያልፉም። ለፎቶ ነው የተሠሩት።

ክንፍ በእርግጥ ተሰብሮ ያውቃል?

በታወቀው ምሳሌ ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1969 ባርሴሎና፣ ሞንጁዊክ ላይ በተካሄደው የስፔን ግራንድ ፕሪ የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ የግራሃም ሂልና የዮኸን ሪንት ሎተስ መኪኖች መንገዱ ጉብታ አልፎ በሚወርድበት ቦታ ላይ ረጃጅም ክንፎቻቸው ተሰብረው ከአጥሩ ጋር ተጋጩ። መኪናው በጉብታው ላይ ሲቀል ክንፉ የሚሸከመው ጭነት በድንገት ይለዋወጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሞናኮ ረጃጅሞቹ ክንፎች በልምምድ መካከል ታገዱ። በዓለም የታወቁ መሐንዲሶች ቀጭን እግር ላይ ተሳስተዋል፤ እርስዎም ሆኑ እኔ የምንሠራው እግር ትንሽ ወፈር ቢል አያሳፍርም።

በስንት ዲግሪ ይዘንብል?

ውኃ ልክ ወይም ማዕዘን የሚለካ ስልክ ይበቃል። ከፊተኛው ጠርዝ እስከ ኋለኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ እንጨት አስተኝተው እርሱን ይለኩ፤ የክንፉ ላይኛ ገጽ ጉብጥ ስለሆነ ያሳስታል። ከዜሮ እስከ 5 ዲግሪ ባለው ይጀምሩ። ዘንበሉን በጨመሩ ቁጥር የሚጫነው ኃይል ያድጋል፣ እስከ አንድ ልክ ድረስ። ከዚያ በኋላ አየሩ ከክንፉ ሥር ይላቀቃል፤ ጫናው ይወርዳል፣ ነፋስ መጎተቱ ግን ይቀጥላል። ባለ አንድ ቅጠል ክንፍ ላይ ይህ የሚመጣው አየሩ ከሚመጣበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመንገድ ላይ ሽቅብ አፍጥጠው የቆሙ 25 ዲግሪ ክንፎች የሚያደርጉት ነገር ፍሬን መያዝ ነው።

አየሩ መላቀቅ አለመላቀቁን ለማየት የሱፍ ክር ይጠቀሙ። ጣት የሚያህሉ ቁራጮች በክንፉ ሥር በፕላስተር ለጥፈው፣ የስልክ ካሜራ ወደዚያ አዙረው፣ በተዘጋ መንገድ ላይ ይንዱ። ክሮቹ ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ከተኙ አየሩ ተጣብቋል፤ እንደ ዝንብ የሚያባርር ጭራ ከተወራጩ ዘንበሉን ይቀንሱ። እኔ ይህን ያደረግሁት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት በሚባለው መንገድ ላይ ነው፤ 9 ዲግሪ ላይ የነበረው ክንፌ መሐሉ ጸጥ ብሎ ሁለቱ ጫፎቹ ሲረበሹ አየሁና ወደ 6 አወረድሁት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ይጻፉትም።

ተጨማሪ ጫና ከተፈለገ በኋለኛው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም አንድ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ጠርዝ አለች። አሜሪካዊው የውድድር ነጂ ዳን ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1971 ያስለመዳት ስለሆነች በስሙ ትጠራለች። ርካሽ ናት፤ ትሠራለችም።

ነዳጅና ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ምን ያደርጋል?

ሁለቱንም በመጠኑ ይጎዳል። ክንፉ ለሚጫነው 8 ኪሎ አንድ ኪሎ ወደ ኋላ ይጎትታል ብንል፣ በ160 ኪሎ ሜትር ከ3 የፈረስ ጉልበት በላይ ይወስዳል፤ 200 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪናዬ ይህ ችላ የሚባል ነው። ዘንበሉ ከልክ ሲያልፍ ግን ሒሳቡ ይበላሻል። የላምቦርጊኒ ካውንታሽ ትልቁ ክንፍ ከፍተኛ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር፤ ብዙ ገዢ ግን ከነክንፉ ነበር የሚፈልገው።

ሕጉስ? ኢንሹራንሱስ?

በሚኖሩበት አገር ይወሰናል። ጀርመን የሚኖሩ ከሆነ ፈቃድ የሌለውን ክንፍ ገጥመው መንዳት መኪናውን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣው ይችላል፤ ክንፉ ሰነድ ይዞ ይምጣ፣ ቱፍ የሚባለው የተሽከርካሪ መርማሪ ድርጅት አይቶት ይመዝገብ። በአውሮፓ የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 26 የውጭ አካል ጠርዝ የክብነት ራዲየሱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይጠይቃል። በሁለቱ ጫፎቻቸው ላይ እንደ ቢላ የተሳለ የጎን ሰሌዳ ያላቸው የውድድር ክንፎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ የቤት መኪኖች ከፍ ብሎ መሐል ላይ የሚበራ ሦስተኛ የፍሬን መብራት አላቸው፤ ክንፉ እንዳይጋርደው። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ ከመብሳትዎ በፊት ቦሎ የሚያድሱበትን ቦታ ይጠይቁ፤ ከበሱ በኋላ መጠየቅ ሌላ ወሬ ነው።

ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

መኪናውን ማሽን ውስጥ ማሳጠብ እችላለሁ?

አይሞክሩት። የሚሽከረከሩት ብሩሾች ክንፉን ከኋላ ወደ ፊት ይይዙታል፤ እርሱ የተሠራው ደግሞ ከላይ ለሚመጣ ጭነት ነው። በእጅ ይታጠብ፤ ሲያጥቡም ከእግሮቹ ሥር ያለውን ላስቲክ ይመልከቱ፣ ጫፉ ከተነሣ ውኃ እየገባ ነው።

ክንፉን አንድ ቀን ባወልቀው ቀዳዳዎቹስ?

ለጊዜው የጎማ ቡሽ ይደፍናቸዋል። ለዘለቄታው ላሜራ ሠራተኛ በይዶ፣ ስቱኮ አድርጎ፣ ኮፈኑን ሙሉውን መቀባት አለበት። እኔ ከመብሳቴ በፊት ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሌላ ኮፈን ገዛሁ፤ የፋብሪካው ኮፈን አሁን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ምድር ቤት ቆሟል። ባለቤቴ በየወሩ መቼ እንደሚወጣ ትጠይቀኛለች።